ቾክ ሲመለስ የሚጠፋው ቦክሰር፦ ፋሻው ከመቀየሩ በፊት

ጥያቄ፦ «ያለሁት ደብረ ብርሃን ነው። ባጃጅ ቦክሰር 150 አለኝ፤ 14 ወር ሙሉ በረንዳ ላይ ሸራ ለብሶ ቆሞ ነበር። አሁን አዲስ ባትሪና አዲስ ካንዴላ ገጠምኩለት፤ ታንከሩ ውስጥ በነበረው ላይም 2 ሊትር ቤንዚን ጨመርኩበት። ቾክ ስስብለት ይነሳል፣ ስመልሰው ይጠፋል። በግማሽ ቾክ ስነዳው ከ40 በላይ አይሄድም፤ የነዳጅ እጀታውን ስለቀው ደግሞ በማርሚታው ይተኩሳል። መካኒክ ‹ኮምፕሬሽኑ ወርዷል፣ ፋሻ ይቀየር› ብሎኛል። ላስፈታው?»

መልስ፦ አያስፈቱት፤ ቢያንስ አሁን አያስፈቱት። ምልክቱን እኮ ራስዎ ጽፈውታል። ቾክ ያለው ሥራ አንድ ነው፦ ከአየሩ አንጻር ቤንዚኑን ማብዛት። ቤንዚን ሲበዛለት የሚሠራ፣ ወደ ልኩ ሲመለስ የሚጠፋ ሞተር «ልኩ እየደረሰኝ አይደለም» እያለ ነው። ፋሻው፣ ማለትም ፒስቶኑን የከበበው ቀለበት፣ ያለቀ ሞተር እንዲህ አይልም። እሱ ቾክ ተሳበም ተመለሰም ደካማ ነው፤ ሰማያዊ ጭስ ያጨሳል፣ ዘይት ይበላል። የእርስዎ ሞተር ከመቆሙ በፊት ደህና ይሠራ ከነበረ ቆሞ ፋሻ አይበላም። ሊጣበቅ ይችላል፤ ወደዚያ እመለስበታለሁ።

አንድ ነገር ግን እንለይ። በደብረ ብርሃን ብርድ፣ በተለይ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ፣ ጠዋት ላይ ሞተር ለአንድ ሁለት ደቂቃ ቾክ ቢፈልግ ጤና ነው። አምስት ደቂቃ ሠርቶ፣ ቴስታታው (የሲሊንደሩ ራስ) እጅ የማያስነካ ሆኖ እንኳ ቾክ ካልተሳበ የሚጠፋ ከሆነ ነው ችግር የምንለው።

ቤንዚን ቶሎ የሚተኑና ቀስ ብለው የሚተኑ የብዙ ነገሮች ድብልቅ ነው። ሞተርን በብርድ የሚያስነሱት ቀላሎቹ ናቸው፤ ቀድመው በነው የሚጠፉትም እነሱው። ቤንዚንና አየር ከሚያደባልቀው ከካርቡሬተሩ ሥር ያለችው ኩባያ የምትይዘው ቤንዚን ከግማሽ የቡና ሲኒ ብዙም አይዘልም፤ መተንፈሻ ስላላት ለአየርም ክፍት ናት። ሞተሩ ሲቆም ያ ቤንዚን ይተንና መጀመሪያ እንደ ማር የሚያጣብቅ፣ ሲቆይ እንደ ቫርኒሽ የሚጠጥር ቡናማ ቅሪት ይተዋል። ቅሪቱ ትልቁን ቀዳዳ ያጠብበዋል፣ ትንሹን ይደፍነዋል። ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም እጀታው ሳይነካ በዝግታ፣ ሲሠራ ቤንዚን የሚያሳልፈው ትንሹ ጄት (ቤንዚኑን የሚመጥን ቀዳዳ ያለው ብሎን) ቀዳዳው ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚደፈነው እሱ ነው። የማርሚታው ተኩስም ከዚሁ ይመጣል፦ እጀታውን ሲለቁ ሞተሩን የሚመግበው ይኸው ትንሹ መንገድ ነው፤ እሱ ሲደፈን ድብልቁ ከመሳሳቱ የተነሣ ሲሊንደር ውስጥ ሳይቀጣጠል ያልፍና የጋለው ማርሚታ ውስጥ ይነዳል።

እስኪስተካከል ድረስ በግማሽ ቾክ አይንዱት። «አስጩኸው፣ ራሱ ይጠራል» የሚል ምክርም ይሰሙ ይሆናል። ጄት በጩኸት አይከፈትም። ቤንዚን ያነሰው ድብልቅ ሲነድ ከልኩ በላይ ይሞቃል፣ ቦክሰር ደግሞ የሚቀዘቅዘው በአየር ብቻ ነው፤ ፒስቶኑንና የጭስ ቫልቩን የሚጎዱት ያኔ ነው። ታንከር ውስጥ የሚጨመሩ የማጽጃ ጠርሙሶችም ሙሉ በሙሉ የተደፈነ ጄት አይከፍቱም፤ ፈሳሹ በማያልፍበት መንገድ ማጽጃውም አያልፍም።

ካርቡሬተሩን ከመፍታትዎ በፊት አሥር ደቂቃ የማይፈጁ ነገሮችን ይዩ። ሞተሩን በካቫሌቶ (በመካከለኛው ማቆሚያ) ያቁሙና የኋላ ጎማውን በእጅ ያሽከርክሩ። ሁለት ሦስት ዙር ካልዞረ ፍሬኑ ይዞታል፤ የከበሮ ፍሬን ዘንግ ሁለት ክረምት ካለፈበት ይዝግና የፍሬኑ ሸራ ወደ ቦታው አይመለስም። ከ40 አልሄድ ማለቱ በከፊል ከዚህ ሊሆን ይችላል፤ የጎማው ንፋስ ማነስም የራሱ ድርሻ አለው። ቀጥሎ የአየር ማጣሪያውን ክዳን ይክፈቱ። በረንዳ ላይ የቆመ ሞተር ለአይጥ ጥሩ ቤት ነው፤ ጭድ፣ ጨርቅ፣ የተቀረጠፈ ስፖንጅ ቢያገኙ አይግረምዎ። ስፖንጁ በጣት ሲጫኑት የሚፈረፈር ከሆነ ይቀየር፤ አለበለዚያ ፍርፋሪው ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። ከዚያ ሞተሩ በቾክ እየሠራ መዳፍዎን ከማርሚታው ጫፍ ትንሽ ራቅ አድርገው ትንፋሹን ይሞክሩ፤ ፈሰስ የሚል ደካማ ትንፋሽ ከሆነ ውስጡ ተዘግቷል ማለት ነው።

ቀጥሎ የቤንዚኑ ፍሰት። ሩቢኔቱን (የታንከሩን የቤንዚን መዝጊያ) ዘግተው ቱቦውን ከካርቡሬተሩ ጋር ከተያያዘበት ያውጡ፤ ጫፉን ግማሽ ሊትር የውሃ ጠርሙስ ውስጥ አግብተው ሩቢኔቱን ይክፈቱ። ጠርሙሱ በሁለት ደቂቃ ግድም መሙላት አለበት። መጀመሪያ ፈስሶ ቀስ በቀስ ከቀጠነ የታንከሩን ክዳን ይክፈቱ፤ ያኔ እንደገና ከበረታ ጥፋተኛው የክዳኑ መተንፈሻ ቀዳዳ ነው፣ በአቧራ ተደፍኗል። ክዳኑ ተከፍቶም ካልበረታ የሩቢኔቱ ወንፊት ዝገት ይዞታል። ጠርሙሱን አሁኑኑ አይድፉት፤ አሥር ደቂቃ ያስቀምጡትና ወደ ብርሃን ያዙት። ውሃ ካለ እንደ ብርጭቆ ዶቃ ከታች ይንከባለላል። ቀለሙ ወደ ሻይ ካደላ፣ ሽታውም የቤንዚን ሳይሆን የቀለም ቅብ ከሆነ አርጅቷል።

የእርስዎ ቤንዚን በእርግጠኝነት አርጅቷል፤ ሁለት ሊትር መጨመሩም ያደረ ወጥ ላይ ትኩስ ወጥ መገልበጥ ነው። ሁሉንም ያውጡት። ሥራው ውጭ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይሁን፤ በአቅራቢያው የከሰል ምድጃም ሲጋራም አይኑር፤ የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ይፈታ። ያወጡትን ጄኔሬተር ላይ አይገልብጡት፣ እሱም ካርቡሬተር አለው። ቦይ ውስጥም አይድፉት።

ታንከሩ ባዶ ሲሆን በእጅ ባትሪ ውስጡን ይዩ። በግማሽ ቤንዚን የቆመ ታንከር ከላይ ያለው ባዶ ቦታ ሌሊት ላብ ያወጣል፤ ያ ላብ ነው የሚያዝገው። ቀለል ያለ ብናኝ ከሆነ በአንድ ሊትር ንጹሕ ቤንዚን ሁለት ጊዜ አለቅልቆ መድፋት ይበቃል። ቅርፊት ከያዘ ሩቢኔቱን አውልቀው ቀዳዳውን ይድፈኑ፤ ሁለት ሦስት ሊትር አቼቶ ያግቡበት፣ አንድ ክንድ የሚያህል ቀጭን ሰንሰለት ይጨምሩና ያናውጡት። ብዙ ሰው የሚከተው ብሎን ነው፤ እኔ ሰንሰለት የምመርጠው ጫፉን ይዞ መጎተት ስለሚቻል ነው። ብሎን ከከተቱ ስንት እንደሆነ ይቁጠሩ፣ ሲወጣም ይቁጠሩ። አቼቶውን ጎኑን እየቀያየሩ አንድ ሌሊት ያሳድሩት፤ ቀለም ላይ እንዳይፈስ ይጠንቀቁ። በማግስቱ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በሟሟበት ውሃ ያለቅልቁት፣ ወዲያው በፀሐይና በነፋስ ያድርቁት። ሳይደርቅ ካደረ ከበፊቱ ብሶ ይዝጋል። በመጨረሻ በትንሽ ቤንዚን አለቅልቀው ይድፉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ካርቡሬተሩን ከቦታው ሳያወርዱ ከኩባያዋ ሥር ያለችውን የማፍሰሻ ብሎን ፈትተው ያጠራቀመችውን ያፍስሱ። የሚወጣው ቡናማና ዝልግልግ ከሆነ ጥርጣሬው አበቃ። ከዚያ ካርቡሬተሩን አውርደው ነጭ ጨርቅ ላይ ያስቀምጡት፤ ትንንሽ ነገሮች ሲወድቁ ይታዩዎታል። የኩባያዋ ብሎኖች ለስላሳ ብረት ናቸው፤ ጭንቅላታቸው ቶሎ ይላጣል። ልክ የሚገባ ካቻቢቴ ይምረጡ፣ መያዣውን በመዶሻ አንድ ሁለቴ ቀስ ብለው መታ ያድርጉ፣ ከዚያ ወደ ታች እየተጫኑ ያዙሩ።

ኩባያዋ ስትወልቅ ቤንዚኑ ላይ የምትንሳፈፈውን ጋለጃንቴ ያያሉ። የያዘቻትን ቀጭን ዘንግ ገፍተው ያውጡ፤ ዘንጉ የቆመባቸው ሁለት እግሮች በቀላሉ ይሰበራሉ፣ ከተሰበሩ ካርቡሬተሩ ዋጋ የለውም። ከጋለጃንቴዋ ጋር የምትወጣው መርፌ ጫፏ ላይ ጎማ አላት። በጎማው ዙሪያ ቀለበት የመሰለ ጠባሳ ካለ ይለውጧት፤ ካልዘጋች ቤንዚኑ ይትረፈረፋል፣ አልፎም በሲሊንደሩ በኩል ወደ ዘይቱ ይወርዳል።

ከመካከል ከነሐስ የተሠሩ ሁለት ጄቶች አሉ። ጎልቶ የሚታየው ዋናው ነው፤ ትንሹ በጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ጠልቆ ተቀምጧል። ትንሹን ለመፍታት ጉድጓዱን ልክ የሚሞላ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ያስፈልጋል፤ ቀጭን ከሆነ ጎድቡን ይቀደዋል፣ ከዚያ በኋላ ማውጣት መከራ ነው። እንቢ ካለ አያስገድዱት፤ የካርቡሬተር ማጽጃ ነፍተው ግማሽ ሰዓት ይተዉት።

ጄቱን ሲያወጡ ወደ ሰማይ አቅንተው በአንድ ዓይን ይመልከቱበት። ጤነኛ ጄት ፍጹም ክብ የሆነ የብርሃን ነጥብ ያሳያል። ምንም ካልታየ፣ ወይም የታየው የጨረቃ ቁራጭ የመሰለ ከሆነ፣ የ14 ወሩ ችግር እጅዎ ላይ ነው። የሚከፍቱት ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ በሚመዘዝ አንድ ቀጭን የመዳብ ክር ነው። መዳቡ ከነሐሱ ስለሚለሰልስ ቀዳዳውን አያሰፋም። የልብስ መርፌ፣ የብረት ሽቦ፣ የመሰርሰሪያ ጫፍ አያስገቡ፤ በዓይን የማይታይ ጭረት እንኳ የቤንዚኑን ልክ ይለውጣል፣ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ቤንዚን በልቶ በልቶ ካንዴላውን ያጠቁራል። ዋናው ጄት የሚቀመጥበት ቱቦ በጎኖቹ ያሉትን ረድፍ ቀዳዳዎችም በዚሁ ክር አንድ በአንድ ይክፈቱ።

ድብልቁን የምታስተካክለውን የአየር ብሎን ከመፍታትዎ በፊት ወደ ውስጥ ቀስ ብለው እያዞሩ እስክትነካ ድረስ ስንት ዙር እንደሄደች ይቁጠሩና ይጻፉት፤ ለምሳሌ «1 ከሩብ» ወይም «2»። አያጥብቋት፣ ጫፏ ይጎዳል። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ሲያወጧት ሞላ፣ ዋሸርና ኦሪንግ አብረው ይወጣሉ፤ ኦሪንጓ ብዙ ጊዜ ጉድጓዱ ውስጥ ተጣብቃ ትቀራለችና ይፈልጓት። ጎማ የሆነ ነገር ሁሉ ከወጣ በኋላ ብቻ ማጽጃውን በሁሉም ቀዳዳ ይንፉ። ማጽጃው ጎማ ያሳብጣል፤ ያበጠ ኦሪንግ ወይም ዳያፍራም ተመልሶ ቦታው አይገባም። መነጽር ያድርጉ፤ በአንዱ ቀዳዳ የገባ ማጽጃ በሌላው ወደ ዓይን ይወጣል። መጨረሻ ላይ ጎሚስታ ቤት ወስደው በኮምፕረሰር ያስነፉት። ጋለጃንቴዋ ተገጥማ እያለች ግን አያስነፉ።

ሲገጥሙ የኩባያዋ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ከተሰነጠቀ ወይም ከተጨማደደ ይቀየር። ካርቡሬተሩንና ቴስታታውን የሚያገናኘው የጎማ አንገት ላይም ዓይንዎን ያሳርፉ፦ በእጅ ጠምዘዝ ሲያደርጉት ስንጥቅ ከታየ አየር ይስባል፤ ያኔ የቱንም ያህል ቢያጸዱ ምልክቱ አይለወጥም። ሞተሩ እየሠራ ለመፈተን አንገቱ ላይ በመርጫ ውሃ ይርጩ፤ ድምፁ ከተለወጠ ቀዳዳ አለ። በቤንዚን ወይም በማጽጃ የሚፈትኑ አሉ፤ ከጋለ ማርሚታ አጠገብ ስለሆነ አይሞክሩት።

አዲስ 3 ሊትር ቤንዚን ያድርጉና አስነስተው አሥር ደቂቃ ያሙቁት። አሁን ያለ ቾክ መሥራት አለበት። በሚኒሞ ብሎኑ ድምፁን ትንሽ ከፍ ያድርጉ፤ ከዚያ የአየር ብሎኗን በሩብ ዙር እያዞሩ ሞተሩ በራሱ በጣም የሚፈጥንበትን ቦታ ይፈልጉ፣ እዚያ ይተዉት፣ ሚኒሞውን ወደ 1,400 ዙር በደቂቃ ይመልሱ። ብሎኗ ያለችበትን ጎን ያስተውሉ፦ በሞተሩ በኩል ከሆነች ወደ ውጭ ሲያዞሯት ቤንዚን ይጨምራል፣ በማጣሪያው በኩል ከሆነች ወደ ውጭ ሲያዞሯት አየር ይጨምራል። መካኒኮች ሳይቀሩ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ከፍታንም አይርሱ። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ግድም ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባህር ጠለል ወደ 30 በመቶ ያንሳል። አየር ሲሳሳ ድብልቁ ቤንዚን ወደ መብዛት ነው የሚያጋድለው። ስለዚህ እዚያ ላይ ቤንዚን የሚያንሰው ሞተር ከታየ «ከፍታው ነው» ማለት አያስኬድም፤ የተደፈነ ነገር አለ። በተቃራኒው፣ እዚያ ተስተካክሎ ጣርማ በርን አልፎ ወደ 1,300 ሜትር ግድም ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ድብልቁ ይሳሳል፤ እጀታው ሲለቀቅ ትንሽ ተኩስ ቢሰሙ ብሎኗን በሩብ ዙር ያህል ወደ ቤንዚን ማብዛት ይበቃል።

ይኸው ከፍታ የመካኒክዎን ፍርድም ያጠራጥረዋል። ኮምፕሬሽን መለኪያ የሚያሳየው ሞተሩ ከውጭ የሳበውን አየር ምን ያህል እንደጨመቀ ነው። ባህር ጠለል ላይ 12 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር ደብረ ብርሃን ላይ ወደ 8 ተኩል ያሳያል። ይህን ቁጥር ከመመሪያ ጋር ያስተያየ ሰው «ወርዷል» ይላል፤ የወረደው ግን አየሩ ነው። እጀታው ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት የተለካ ከሆነም ቁጥሩ ውሸት ነው። ትክክለኛው አለካክ እንዲህ ነው፦ ሞተሩ ይሙቅ፣ ካንዴላው ይውጣና ካንዴላው በራሱ ገመድ ላይ ሆኖ ብረት ይንካ፣ ቾኩ ይመለስ፣ እጀታው እስከ መጨረሻው ይከፈት፣ መርፌው ከፍ ማለት እስኪያቆም ድረስ ማስነሻውን ስድስት ሰባት ጊዜ ይርገጡ። ቁጥሩን ይጻፉ። ከዚያ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 5 ሚሊ ሊትር፣ የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ አፍስሰው ይድገሙት። ዘይቱ ቁጥሩን በጉልህ ከፍ ካደረገው ችግሩ ፋሻ ነው፤ ካልነካው ቫልቭ ነው። ፋሻ ከሆነም ገና አይፈታ፦ ቆሞ የተጣበቀ ፋሻ ብዙ ጊዜ በዘይት ይለቃል። ሁለት ማንኪያ ዘይት አፍስሰው 24 ሰዓት ያቆዩት፤ ካንዴላውን ሳይገጥሙ ማስነሻውን እየረገጡ ትርፉን ያስወጡ፣ ፊትዎን ከቀዳዳው ያርቁ። 100 ኪሎ ሜትር ያህል በቀስታ ከተነዳ በኋላ እንደገና ይለኩት። ያኔም ካልተሻለው ነው ጋራዥ የሚገባው።

ኤሌክትሪኩን በአጭሩ። አዲስ ባትሪ ማለት የተሞላ ባትሪ ማለት አይደለም። ሞተሩ ቆሞ በቴስተር 12.6 ቮልት ገደማ፣ ሞተሩ ከሚኒሞ ከፍ ብሎ ሲሠራ ከ13.5 እስከ 14.5 ማሳየት አለበት። ካላሳየ መጀመሪያ ከሞተሩ ብረት ጋር የሚያያዘውን የማሳ ገመድ ፈትተው በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉት። አዲሱ ካንዴላዎም በቾክ ሲነዳ ቆይቷልና አውጥተው ያጽዱት፤ ክፍተቱንም መመሪያው በሚለው ልክ ያድርጉት።

የዘይቱን መለኪያ በትር አውጥተው ያሽትቱ። ቤንዚን ከሸተተ ወይም ወተት ከመሰለ ሞተሩን ሳያስነሱ ይቀየር፤ ባይሸትም 14 ወር የቆየ ዘይት ይቀየራል። 20 ደብልዩ 50 የሞተር ሳይክል ዘይት ይጠቀሙ። የመኪና ዘይት ውስጥ ያሉ አንዳንድ የማለስለሻ ቅመሞች በዘይት ውስጥ የሚሠራውን ፍሪሲዮን (ክላች) ያንሸራትቱታል፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ ፍጥነቱ አይጨምርም፣ ሰውም ካርቡሬተሩን ይወቅሳል። ፍሪሲዮኑ ከመቆም ብዛት ተጣብቆ ማርሽ ሲያስገቡ ዘሎ የሚጠፋ ከሆነ ሞተሩን አሙቀው ያጥፉት፣ 2ኛ ማርሽ አስገብተው የፍሪሲዮኑን እጀታ ጨብጠው ወደፊትና ወደኋላ ያንቀሳቅሱት፤ ይላቀቃል።

ሁሉም ሲያልቅ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይንዱት፤ ረጅም ቀጥታ መንገድ ላይ በሙሉ ጉልበት እየሄደ ሳለ ፍሪሲዮን ይዘው ሞተሩን በአንድ ጊዜ ያጥፉና ዳር ያዙ። ሲቀዘቅዝ ካንዴላውን ያውጡ። ጫፉ ቀላ ያለ ቡናማ ከሆነ ልክ ነው። ነጭ ከሆነ ዋናው ጄት ገና አልጠራም ወይም አየር ይስባል፤ ደረቅ ጥቁር ከሆነ ቤንዚኑ በዝቷል፤ ጥቁርና ቅባታም ከሆነ ብቻ ስለ ፋሻ እንደገና እንነጋገራለን።

ወደፊት ከሁለት ወር በላይ የሚያቆሙት ከሆነ ታንከሩን እስከ አፉ ይሙሉ፣ ሩቢኔቱን ዘግተው የኩባያዋን ቤንዚን ያፍስሱ፣ ባትሪውን አውጥተው በየወሩ ይሙሉት፣ የማርሚታውን አፍ በጨርቅ ይድፈኑና እንዳይረሳ ቁልፉ ላይ ወረቀት ይሰሩ። በየሳምንቱ ለአምስት ደቂቃ ማስነሳቱን ይተዉት፤ ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ የሚያተርፍልዎ ዘይቱና ማርሚታው ውስጥ የሚጠራቀም ውሃ ነው።